በሞተርሆም ከአገር ወደ አገር መጓዝና ማደር፦ ከሐዋሳ ለሚነሡ ተጓዦች የተዘጋጀ መመሪያ

በየዓመቱ ሰኔ ሲቃረብ ልጆቻቸው ወይም እኅት ወንድሞቻቸው ጀርመን የሚኖሩ የሐዋሳ ሰዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዘው ይመጡብኛል። «ሞተርሆም ተከራይተን ከጀርመን እስከ ጣሊያን በመኪና ልንወርድ ነው፤ ሌሊት ያገኘንበት ቦታ አቁመን መተኛት እንችላለን?» ይላሉ። ይህን መንገድ ከእኅቴ ቤተሰብ ጋር ሦስት ጊዜ ስለሄድኩበት መልሱን በየጊዜው በቃል ከማስረዳ ጽፌ ማስቀመጡን መርጫለሁ። ሞተርሆም የምለው አልጋ፣ ማብሰያ፣ መጸዳጃና የውሃ ታንከር በውስጡ የተገጠመለትን መኪና ነው።

መልሱ እንደየአገሩ ይለያያል፤ ይሁን እንጂ በብዙ አገር ሕግ ውስጥ ተደጋግሞ የሚመጣ አንድ ልዩነት አለ። እርሱም መኪናን ማቆምና መስፈር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። መኪናውን በተፈቀደ ቦታ አቁሞ ውስጡ መተኛት በብዙ አገር እንደ ማቆም ሊቆጠር ይችላል። ወንበር ውጭ ማውጣት፣ ዳስ መዘርጋት ወይም ውጭ ምግብ ማብሰል ግን መስፈር ነው፤ መስፈር ደግሞ የሚፈቀደው ለዚሁ በተዘጋጀ ግቢ (ካምፒንግ) ብቻ ነው። ይህን ልዩነት ከያዙ የቀረው ዝርዝር በቀላሉ ይገባዎታል።

መያዝ ያለባቸው ነገሮች

- ፓስፖርት፣ ቪዛና ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ጤና መድን። የመድኑ ሽፋን የሸንገን ቪዛ፣ ማለትም በመካከላቸው የድንበር ፍተሻን ያስቀሩ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ፣ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ነው።
- ዋናው መንጃ ፈቃድና ከእርሱ ጋር ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ።
- የመኪናው የኪራይ ውል፣ የሊብሬው ቅጂና የመድን ማረጋገጫ።
- ባለ ሦስት ማዕዘን አንጸባራቂ ምልክት፣ የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥንና ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ አንድ አንጸባራቂ ሰደርያ። ሰደርያው ዕቃ መጫኛው ውስጥ ሳይሆን እጅ የሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ፤ የሚያስፈልገው ከመኪና ከመውረድዎ በፊት ነውና።
- የመጠጥ ውሃ መሙያ ጎማ፣ መጸዳጃውን ለማፍሰስ የላስቲክ ጓንት፣ የመጸዳጃ ኬሚካልና መኪናውን ለማስተካከል ከጎማ ሥር የሚገቡ ሁለት ታኮዎች።
- የመኪናውን ቁመት፣ ስፋት፣ ርዝመትና ክብደት በሜትርና በኪሎ በትልቁ የጻፉበት ወረቀት፣ ከመሪው ፊት ለፊት የተለጠፈ።

ማስጠንቀቂያ፦ ቅቤ፣ አይብና ቋንጣ ከሻንጣዎ ያውጡ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ እንዲገባ አይፈቀድለትም። እናት ለልጃቸው የነጠሩት ቅቤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሲጣል ማየት ያሳዝናል፤ ይሁን እንጂ ጉዳዩ የእንስሳት በሽታን የመከላከል ስለሆነ ልመና አይሰማም።

1. መንገዱን ከቪዛው ጋር ያስማሙ

ካርታ ከመዘርጋትዎ በፊት ቪዛው ምን እንደሚፈቅድ ይመልከቱ። የሸንገን የጉብኝት ቪዛ በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ መቆየትን አይፈቅድም፤ ቪዛው ላይ ያነሰ ቀን ከተጻፈ የተጻፈው ይጸናል። ማመልከቻው የሚቀርበው ብዙ ሌሊት ለሚያድሩበት አገር ነው። በሞተርሆም የሚጓዝ ሰው የሆቴል ቦታ ስለማይዝ የኪራይ ውሉን ብቻ ከማያያዝ ይልቅ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶችና የረዘመ ቆይታ የሚያደርግባቸውን ካምፒንጎች አስቀድሞ ቢይዝ ማመልከቻው የት እንደሚያድር በግልጽ ያሳያል።

ጥንቃቄ የሚጠይቀው የመግቢያው ብዛት ነው። ቪዛዎ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ከሸንገን ክልል ለአንድ ሰዓት እንኳ ቢወጡ መመለሻ አይኖርዎትም። ስዊዘርላንድ የኅብረቱ አባል ባትሆንም ሸንገን ውስጥ ናት፤ ክሮኤሽያም እ.ኤ.አ. ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ገብታለች። ቦስኒያ፣ ሰርቢያና እንግሊዝ ግን ውጭ ናቸው። ወጥመዱ ያለው በክሮኤሽያ የባሕር ዳርቻ ላይ ነው፤ ወደ ዱብሮቭኒክ የሚወስደው የጥንቱ መንገድ ኔዑም በምትባል ከተማ በቦስኒያ ግዛት ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የተከፈተው የፔልየሻትስ ድልድይ ይህን ቁራጭ ስለሚዘል አንድ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ የያዘ ሰው በድልድዩ መሄድ ይኖርበታል። መንገድ የሚመራዎት ስልክ የያዙትን ቪዛ አያውቅምና በራሱ ምርጫ ከተዉት በአጭሩ ሊመራዎት ይችላል።

በሸንገን ውስጥ ድንበር ላይ ባይቆሙም ፓስፖርትዎን ከእጅዎ አይለዩ፤ አገሮቹ በየጊዜው ፍተሻ ይመልሳሉ።

2. መንጃ ፈቃዱንና የተከራዩን ስም ያስተካክሉ

ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ የሚያወጡት ከኢትዮጵያ ሳይወጡ ነው፤ የሚሰጠው ዋናውን መንጃ ፈቃድ የሰጠው አገር ስለሆነ ፍራንክፈርት ከደረሱ በኋላ የሚያስተካክሉት ነገር አይደለም። ብቻውንም አያገለግልም፤ ዋናውን ለማንበብ የሚረዳ ትርጉም እንጂ ራሱን የቻለ ፈቃድ ስላልሆነ ሁለቱ አብረው መያዝ አለባቸው።

ኪራዩን አውሮፓ ያለው ዘመድዎ በስሙ ቢፈጽም ይሻላል፤ አከራዮች የመያዣውን ገንዘብ የሚያግዱት ብዙውን ጊዜ በክሬዲት ካርድ ስለሆነ ከዚህ ሆኖ ማመቻቸቱ አስቸጋሪ ነው። ነገር ግን እርስዎም የሚነዱ ከሆነ ስምዎ በተጨማሪ አሽከርካሪነት ውሉ ላይ መጻፍ አለበት። ስሙ ያልሰፈረ ሰው ሲነዳ አደጋ ቢደርስ መድን ሰጪው ካሣውን ከተከራዩ ሊጠይቅ ይችላል። በዚያው ቀን ሌሎች ሁለት ነገሮችን ይጠይቁ፦ አከራዩ ከሾፌሩ የሚፈልገው ዕድሜና የመንዳት ልምድ ስንት ዓመት እንደሆነ፣ እንዲሁም መኪናው እንዲገባባቸው የተፈቀዱት አገሮች የትኞቹ እንደሆኑ። የተከለከለ አገር ውስጥ ከገቡ መድኑም ሆነ የብልሽት ርዳታው ሊቋረጥ ይችላል።

3. ክብደቱን በወረቀት ያስሉ

የአውሮፓ ተራ መንጃ ፈቃድ የሚያስነዳው እስከ 3,500 ኪሎ የተፈቀደ ጠቅላላ ክብደት ያለውን መኪና ነው፤ ለኪራይ የሚቀርቡት ሞተርሆሞችም በአብዛኛው በዚሁ ልክ የተሠሩ ናቸው። ችግሩ መኪናው ባዶውን ከዚህ ገደብ ብዙ የማይርቅ መሆኑ ነው። ለምሳሌ ባዶ ክብደቱ 3,000 ኪሎ ቢሆን 500 ኪሎ ይቀራል። አራት ሰዎች በአማካይ 70 ኪሎ ቢመዝኑ 280 ይወስዳሉ። የተሞላ የ100 ሊትር የውሃ ታንከር 100 ኪሎ ነው። ሁለት የተሞሉ የጋዝ ሲሊንደሮች ወደ 45 ኪሎ ይጠጋሉ። የቀረው 75 ኪሎ ሲሆን ከአዲስ አበባ የመጡት ባለ 23 ኪሎ አራት ሻንጣዎች ብቻቸውን 92 ኪሎ ናቸው። ገና ምግብ ሳይጫን ገደቡ ታልፏል ማለት ነው።

መፍትሔው ውሃውን መቀነስ ነው፦ ለመንገድ 20 ሊትር ያህል ይያዙና ሲደርሱ ይሙሉ። ባዶ ክብደቱ ሲሰላ ሾፌር፣ ነዳጅና ጋዝ ተካተው እንደሆነ አከራዩን ይጠይቁ፤ ስሌቱ በዚያ ይለወጣል። ከባድ ዕቃ መሬት አጠገብ ይደረደር፤ ከላይ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ድስት ኃይለኛ ፍሬን ሲያዝ ራስ ላይ ይወድቃል።

ከ3,500 ኪሎ በላይ የተመዘገበ መኪና ከቀረበልዎ ደንቡ ሁሉ እንደሚለወጥ ይወቁ። በጀርመን አውራ ጎዳና (አውቶባን) እስከ 3,500 ኪሎ ላለው የሚመከረው ፍጥነት 130 ሲሆን ከዚያ በላይ ላለው ሞተርሆም ወሰኑ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ነው፤ በጣሊያን አውራ ጎዳናም (አውቶስትራዳ) ከ130 ወደ 100 ይወርዳል።

ማስጠንቀቂያ፦ የአልጋ ቁጥር የመቀመጫ ቁጥር አይደለም። ስድስት ሰው የሚያስተኛ መኪና አራት የደኅንነት ቀበቶ ብቻ ሊኖረው ይችላል፤ የሚሳፈረው በቀበቶው ቁጥር ልክ ነው። በጉዞ ላይ ማንም አልጋ ላይ አይተኛም። በጀርመን ከ12 ዓመት በታች የሆነና ቁመቱ 1.50 ሜትር ያልሞላ ልጅ በልጆች መቀመጫ መታሰር አለበት።

4. የመንገድ ክፍያውን ከድንበሩ በፊት ይጨርሱ

በጀርመን ለሞተርሆም የአውራ ጎዳና ክፍያ የለም። ኦስትሪያ ሲገቡ ቪኜት የሚባለውን የመንገድ ክፍያ አስቀድመው መግዛት ይኖርብዎታል፤ የአንድ ቀን፣ የ10 ቀን፣ የሁለት ወርና የዓመት አለው። ዲጂታሉ ከታርጋ ቁጥር ጋር ስለሚተሳሰር አንድ ፊደል ቢሳሳቱ እንዳልከፈሉ ይቆጠራል። ወደ ጣሊያን የሚያሻግረው የብሬነር አውራ ጎዳና በቪኜቱ ስለማይሸፈን ለብቻው ይከፈላል። ከ3,500 ኪሎ በላይ ያለ መኪና በቪኜት ፋንታ በኪሎ ሜትር የሚቆጥር መሣሪያ ይገጠምለታል። የስዊዘርላንድ ቪኜት 40 ፍራንክ ሲሆን የሚሸጠው በዓመት ብቻ ነው፤ ለአንድ ቀን ማለፍም ሙሉውን ይከፍላሉ።

የጣሊያኑን አሠራር የአዲስ አበባ–አዳማ ፍጥነት መንገድን የሚያውቅ ሰው አይቸገርበትም፤ ሲገቡ ትኬት ይቀበላሉ፣ ሲወጡ በርቀቱ ይከፍላሉ። በቢጫ የተጻፈው የቴሌፓስ መስመር ግን ሳይቆሙ የሚያስከፍለው የቴሌፓስ መሣሪያ ለተገጠመላቸው ብቻ ነው። በስሕተት ከገቡበት ወደ ኋላ አይመለሱ፤ ይህ ከባድ ጥፋት ነው። የርዳታ ቁልፉን ተጭነው የሚባሉትን ይጠብቁ።

5. የሌሊቱን ቦታ ከቀትር በኋላ ወዲያው ይወስኑ

ሐዋሳ አሞራ ገደል አካባቢ የውጭ አገር ታርጋ ያላቸው ሞተርሆሞች ሆቴል ግቢ ውስጥ ቆመው አይተው ይሆናል። እኛ ጋ ለጥበቃው ሰላምታ ሰጥቶ፣ ከባለቤቱ ጋር ተነጋግሮ ማደር ይቻላል። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ቦታው ምን ዓይነት እንደሆነ የሚነግርዎት ምልክቱ ነው፤ ስለዚህ ሦስቱን የማደሪያ ዓይነቶች ይለዩ።

የመጀመሪያው ካምፒንግ ነው፤ መታጠቢያ ቤት፣ መብራትና ተቀባይ ያለው ግቢ ሲሆን ወንበር ማውጣት የሚፈቀደው እዚህ ነው። ሁለተኛው ለሞተርሆም ብቻ የተመደበ ማቆሚያ ነው፤ ጀርመኖች ሽቴልፕላትስ፣ ጣሊያኖች አሬያ ዲ ሶስታ ይሉታል። ዋጋው ከካምፒንግ ያነሰ ነው፤ ብዙ ጊዜም ውሃ መሙያና ቆሻሻ ማፍሰሻ አለው። ሦስተኛው ተራ የመኪና ማቆሚያ ነው፤ ጥያቄው ሁሉ የሚነሣው በዚህኛው ላይ ነው።

በጀርመን ማቆም በተፈቀደበት ቦታ፣ የሚከለክል ምልክት ከሌለ፣ ሾፌሩ ደክሞት ለመንዳት ብቁ እስኪሆን ድረስ ለአንድ ሌሊት መተኛት ይችላል። ዓላማው ዕረፍት ስለሆነ ሁለተኛ ሌሊት ሲጨመር ምክንያቱ ይጠፋል።

የጣሊያን የመንገድ ሕግ በአንቀጽ 185 ጉዳዩን በግልጽ አስቀምጦታል፦ መኪናው መሬትን የሚነካው በጎማዎቹ ብቻ ከሆነ፣ ከሞተሩ ከሚወጣው በስተቀር ምንም ፈሳሽ ካላፈሰሰ፣ ከራሱ አካል ውጭም ቦታ ካልያዘ ቆሟል እንጂ አልሰፈረም። እንግዲህ ደረጃ ካወጡ፣ የድጋፍ እግር መሬት ካስነኩ ወይም መስኮቱን ወደ ውጭ ከፍተው ከገፉ በዚሁ አንቀጽ ሰፍረዋል ሊባሉ ይችላሉ። ማዘጋጃ ቤቱ በምልክት የከለከለበት ቦታ ላይ ደግሞ ማቆሙም አይፈቀድም።

በፈረንሳይም እንዲሁ እንደ ማንኛውም መኪና ማቆም ይቻላል፤ ይሁን እንጂ የየከተማው አስተዳደር በሰዓትና በቦታ ሊገድብ ይችላል፤ በአንድ ቦታ ሳይንቀሳቀሱ ከሰባት ቀን በላይ መቆምም ጥፋት ነው። በኦስትሪያ ደንቡ ከክልል ክልል፣ በስዊዘርላንድ ከካንቶን ካንቶን ስለሚለያይ እኔ በሁለቱም አገር ካምፒንግ ብቻ እጠቀማለሁ። በክሮኤሽያ ከካምፒንግ ውጭ መስፈር የተከለከለና የሚያስቀጣ ስለሆነ፣ በበጋ ደግሞ ቦታ ስለሚሞላ፣ አስቀድሞ መያዝ ይገባል።

አሁን ወደ ቡናው እንምጣ፤ ከሐዋሳ የሚሄዱ ቤተሰቦች የሚከሰሱት በዚሁ ነውና። ረከቦቱን ተራ ማቆሚያ ላይ ከመኪናው ውጭ ከዘረጉ በሕጉ ዓይን ሰፍረዋል። ውስጥ በጋዙ ምድጃ ማፍላት ይችላሉ፤ የጣሪያውን መስኮት ከፍተው ይቁሉ፣ አለበለዚያ የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል። ከሰል ግን በምንም ምክንያት ወደ መኪናው አይገባም። የከሰል ጭስ ሽታ የሌለው መርዝ አለው፤ በተዘጋ መኪና ውስጥ ተኝተው የነበሩ ሰዎች ሳይነቁ ሊሞቱ ይችላሉ። በዚሁ ምክንያት የጋዝ ምድጃውን ለማሞቂያ አይጠቀሙ፤ ግድግዳና ወለል ላይ ያሉትን የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎችም ቢበርድዎ እንኳ አይድፈኑ።

ከቀትር በኋላ ወዲያው ይወስኑ ያልኩበት ምክንያት ቀላል ነው። ብዙ የጀርመን ካምፒንጎች ከቀኑ 7 እስከ 9 ሰዓት የቀን ዕረፍት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 1 ሰዓት ደግሞ የሌሊት ጸጥታ ያስከብራሉ፤ በእነዚህ ሰዓቶች የመኪና መግቢያው ይዘጋል። ከመሸ የደረሰ ሰው የሚጠብቀው የተዘጋ በር ነው።

6. ውሃ፣ ቆሻሻና መብራት

የዕቃ ማጠቢያው ውሃም ሆነ የመጸዳጃው ታንከር የሚፈስሰው በተመደበው ማፍሰሻ ብቻ ነው። የመጸዳጃው ኬሚካል የዝናብ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ከገባ ሳይጣራ ወንዝ ይደርሳል። የመጠጥ ውሃ የሚሞሉበትን ጎማ ለመጸዳጃው ማጠቢያ አይጠቀሙበት፤ የቧንቧውንም አፍ መጸዳጃው ላይ አያስነኩ።

መብራቱ 230 ቮልት ስለሆነ ከእኛው ጋር የሚስማማ ነው፤ የሚለየው የሚሰጥዎት መጠን ነው። ባለ 6 አምፒር መስመር ወደ 1,380 ዋት፣ ባለ 10 አምፒር 2,300 ዋት፣ ባለ 16 አምፒር 3,680 ዋት ይችላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይጠጋል፤ ይዘውት ሄደው ባለ 6 ወይም ባለ 10 አምፒር መስመር ላይ ቢሰኩት ከጎረቤቶችዎ ጋር የሚያጋጭ እንጂ እንጀራ የሚያወጣ አይሆንም። ከመንቀሳቀስዎ በፊት ገመዱን መንቀልዎን፣ የጋዙን ቫልቭ መዝጋትዎንና የጣሪያ መስኮቶቹን ማውረድዎን ከመኪናው ውጭ ዞረው በዓይንዎ ያረጋግጡ።

7. ከተማ ውስጥ መግባት

የሚቻል ከሆነ አይግቡ፤ ከከተማው ዳር አቁመው በባቡር ይሂዱ። ሞተርሆም ወደ 3 ሜትር ቁመትና 7 ሜትር ርዝመት አለው፤ የምድር ቤት ማቆሚያዎች ጣሪያ ብዙውን ጊዜ 2 ሜትር አካባቢ ነው። ከኋላ ጎማው ወዲያ የሚተርፈው አካል መሪ ሲጠመዘዝ ወደ ተቃራኒው ጎን ስለሚወጣ ከአጠገብ የቆመን ይመታል። ከመሄድዎ በፊት በእሑድ ጠዋት ሐዋሳ ውስጥ ባዶ ሜዳ ፈልገው ጣሪያው ከፍ ባለ ሚኒባስ፣ በጎን መስታወት ብቻ፣ ወደ ኋላ መንዳትን ይለማመዱ።

የአንዳንድ የጀርመን ከተሞች የአየር ጥበቃ ክልል አረንጓዴ ተለጣፊ ይጠይቃል፤ የፈረንሳይ ከተሞች ደግሞ ክሪቴር የሚባለውን ተለጣፊ ሊጠይቁ ስለሚችሉ አስቀድመው ያጣሩ። የጀርመኑ በኪራይ መኪናው መስታወት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል፤ የፈረንሳዩን ራስዎ ማዘዝ ሊኖርብዎት ይችላል። በጣሊያን ቀይ ክብ ምልክት ያለበት፣ ያለ ፈቃድ በመኪና የማይገባበት ዜድ ቲ ኤል የሚባል ክልል አለ፤ የሚጠብቀው ፖሊስ ሳይሆን ካሜራ ነው። እኔ በአንዲት የጣሊያን ከተማ ዳቦ ፍለጋ በአንድ መንገድ ሁለት ጊዜ ዞርኩና ሁለት ቅጣት ተጻፈብኝ፤ ለእያንዳንዱ መግቢያ ለየብቻው ይቆጠራልና። ያወቅሁት ሐዋሳ ከተመለስኩ ከወራት በኋላ እኅቴ ደብዳቤው እንደደረሳት ስትደውልልኝ ነው። አከራዩ ደግሞ ስሟን ለማሳወቅ የራሱን ክፍያ ጨምሮበታል።

ተደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

ምልክቱን ሳያነቡ «ሌሎች ሞተርሆሞች ቆመዋል» ብሎ ማደር ዋናው ነው፤ እነርሱም ተሳስተው ይሆናል። ሁለተኛው በስልክ የመንገድ መሪ ውስጥ የመኪናውን ቁመት አለማስገባት ነው፤ መሪው እንደ ተራ መኪና ቆጥሮ ዝቅተኛ ድልድይ ሥር ያስገባዎታል። ሦስተኛው ብስክሌት ከኋላ ጭኖ ጣሊያን መግባት ነው፤ ከመኪናው ወዲያ የሚተርፍ ጭነት በነጭና በቀይ የተሰመረ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ሰሌዳ ሊኖረው ይገባል። በጣሊያን ከከተማ ውጭ ቀንም ቢሆን የፊት መብራት ይበራል።

8. መኪናውን ሲመልሱ

ሁለቱን የቆሻሻ ታንከሮች ባዶ ያድርጉ፣ ነዳጁን በውሉ መሠረት ይሙሉ፣ ውስጡን ያጽዱ። ሲረከቡ እንዳደረጉት ሁሉ ሲያስረክቡም ጣሪያውን፣ ጎኖቹንና የጎማዎቹን ጠርዝ ፎቶ ያንሡ፤ መያዣው ገንዘብ የሚቆረጠው ብዙውን ጊዜ በጭረት ነው። የኪራይ ውሉን፣ የቪኜቱን ደረሰኝና የመንገድ ክፍያ ትኬቶቹን ቢያንስ ለአንድ ዓመት አይጣሉ፤ የጣሊያን ቅጣት ተመዝጋቢው አውሮፓ ውስጥ ቢሆንም እንኳ ዘግይቶ ይመጣል፣ ከፍለው እንደነበር የሚያሳዩትም በእነዚያ ወረቀቶች ነው።